የጆብ ሴንተሩ መንገድ፦ በግላስጎው የሥራና የድጎማ ቢሮዎች መዘጋት ላይ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

ሥራ ያጣ ሰው ከመንግሥት ጋር የሚገናኝበት ቢሮ ስሙ በየአገሩ ቢለያይም ተግባሩ በመሠረቱ ሁለት ነው፤ በአንድ በኩል ሥራ ፈላጊውን ከቀጣሪ ጋር ያገናኛል፣ በሌላ በኩል ሥራው እስኪገኝ ድረስ የዕለት ጉርሱን የሚሸፍንበትን ድጎማ እንዲያገኝ ያደርገዋል። በብሪታንያ ይህ ቢሮ ጆብ ሴንተር ይባላል፤ በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ስሙን ሳይተረጉሙ እንዳለ ይጠቀሙበታል፣ በእርሱ በኩል የሚገኘውንም ገንዘብ «ቤኒፊት» ይሉታል። የዚህ ንግግር ርእሰ ጉዳይ የስኮትላንድ ትልቋ ከተማ በሆነችው በግላስጎው እንዲዘጉ የተወሰነባቸው ጆብ ሴንተሮች ናቸው፤ ውሳኔው የተሰማው በ2016 መጨረሻ ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ነገሩ ከላይ ሲያዩት የቢሮ ኪራይ ጉዳይ ይመስላል። ሲመረመር ግን ሌላ ጥያቄ ይወጣዋል፤ መንግሥት ድጎማ ተቀባዩን ዜጋ «በቀጠሮህ ቀን ካልቀረብህ ገንዘብህ ይቆረጣል» ብሎ የማዘዝ ሥልጣኑን እንደያዘ፣ ዜጋው የሚቀርብበትን ቦታ ከሰፈሩ ማራቅ ይችላልን? እዚህ የሚቀርበው መልስ «አይችልም» የሚል ነው፤ የመቅረብ ግዴታና የቅርበት ግዴታ በአንድ ዘመንና በአንድ ሕግ አካሄድ አብረው የተወለዱ ናቸውና፣ አንዱ እየጠበቀ ሌላው ሊላላ አይገባም።

ውልደታቸውን ለማየት ወደ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን በለንደን ወደብ የቀን ሥራ የሚሹ ሰዎች በማለዳ ከወደቡ በር ላይ ይሰበሰቡ ነበር፤ አሠሪው እየጠቆመ የሚፈልገውን ያህል ከወሰደ በኋላ የቀሩት ወይ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፣ ወይ ወደ ሌላ በር ይሮጣሉ። በአዲስ አበባ መንገድ ዳር መሣሪያቸውን ይዘው ቀጣሪ የሚጠብቁ የቀን ሠራተኞችን ላየ ሰው ይህ ትዕይንት እንግዳ አይሆንም። ዊልያም ቤቨሪጅ የተባለው ወጣት ተመራማሪ በ1909 ስለ ሥራ አጥነት ባሳተመው መጽሐፍ፣ የችግሩ ሥር የሠራተኛው ስንፍና ሳይሆን የሥራ ገበያው አለመደራጀት መሆኑን አስረዳ፤ በአንዱ በር ሠራተኛ ሲተርፍ በሌላው በር የሚጠፋው ሁለቱን የሚያስተዋውቅ ሦስተኛ ወገን ስለሌለ ነው የሚል ነበር ሐሳቡ። በዚያው ዓመት የንግድ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ዊንስተን ቸርችል የሥራና ሠራተኛ ማገናኛ ቢሮዎችን የሚያቋቁመውን ሕግ በፓርላማ አሳለፈ፤ የመጀመሪያዎቹ ቢሮዎችም ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1910 በራቸውን ከፈቱ።

በ1911 የወጣው የብሔራዊ መድን ሕግ ደግሞ በእነዚህ ቢሮዎች ላይ ሁለተኛውን ተግባር ጨመረባቸው። መድን ማለት ሠራተኛው፣ አሠሪውና መንግሥት በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ፣ ሠራተኛው ሥራ ባጣ ጊዜ ከተጠራቀመው ገንዘብ የሚከፈልበት ሥርዓት ነው፤ መጀመሪያም የተሞከረው እንደ ግንባታና መርከብ ሥራ ባሉ፣ ሥራው በየወቅቱ በሚቆራረጥባቸው ዘርፎች ነበር። ነገር ግን ገንዘብ ከፋዩ አንድ ነገር ማረጋገጥ ነበረበት፤ ሰውየው በእርግጥ ሥራ የለውምን? ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነበር፤ ሥራ ያጣው ሰው በሥራ ሰዓት ወደ ማገናኛ ቢሮው መጥቶ ይፈርማል፣ በፋብሪካ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት በቢሮው ሊገኝ አይችልምና መገኘቱ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ይህ አሠራር በአግባቡ እንዲሠራ ቢሮው ሠራተኛው ከሚኖርበት ሰፈር ሊርቅ አይችልም ነበር። ዜጋው ለመምጣት ተገደደ፣ መንግሥትም ቅርብ ለመሆን ተገደደ፤ ሁለቱ ግዴታዎች የአንድ ገበታ ሁለት ጎኖች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ረጅም ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው። በ1973 በእንግሊዝ በሬዲንግ ከተማ ጆብ ሴንተር የሚለውን ስም የያዘው የመጀመሪያ ቢሮ ተከፈተ፤ የሥራ ማስታወቂያዎች በግልጽ ተለጥፈው ማንም ከመንገድ ገብቶ የሚያነብባቸው፣ እንደ ሱቅ ያለ ቦታ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በ2002 ደግሞ ሥራ የማገናኘቱና ድጎማ የመክፈሉ ሥራ በሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች መከናወኑ ቀርቶ «ጆብ ሴንተር ፕላስ» በሚል ስም በአንድ ጣሪያ ሥር ተጠቃለለ፤ በኢትዮጵያ «የአንድ ማዕከል አገልግሎት» የሚባለው ዓይነት መሆኑ ነው። ከዚህ ወዲህ የሰፈሩ ቢሮ ሲዘጋ የሚጠፋው የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ብቻ አይደለም፤ ሥራውም ድጎማውም ምክሩም በአንድ በር የሚገቡና በአንድ በር የሚወጡ ሆነዋል።

የግላስጎውን ውሳኔ ያመጣው ግን ከሥራ አጦች ብዛት ይልቅ አንድ የሕንፃ ውል ነበር። በ1998 በጊዜው የማኅበራዊ ዋስትናን ጉዳይ ይመራ የነበረው ሚኒስቴር የቢሮ ሕንፃዎቹን ለአንድ የግል ድርጅት አስተላልፎ፣ ራሱ ለ20 ዓመት ኪራይና የሕንፃ አገልግሎት የሚከፍል ተከራይ ሆነ፤ እንዲህ ያለው አሠራር የግል ባለሀብት ገንዘቡን አስቀድሞ ያወጣበትና መንግሥት በረጅም ዘመን የሚከፍልበት በመሆኑ በዚያ ዘመን በብሪታንያ ተወዳጅ ነበር። ውሉ የሚያልቀው በማርች 2018 መጨረሻ ነበር። ከ900 በላይ ሕንፃዎች በአንድ ቀን ከውል ሲወጡ ተተኪው የሥራና የጡረታ ሚኒስቴር የትኛውን እንደሚያስቀጥልና የትኛውን እንደሚለቅ መወሰን ነበረበት። ሥራ አጥነት በዚያን ጊዜ ለአሥር ዓመት ያልታየ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር፤ ብዙ ሰዎችም ጥያቄያቸውን በኢንተርኔት ያቀርቡ ስለነበር ሚኒስቴሩ ከቢሮዎቹ ስፋት ቢያንስ አንድ አምስተኛው ያለ ጥቅም የሚከፈልበት ነው አለ። ይህ ክርክር ከንቱ አልነበረም፤ ባዶ ክፍል መከራየት የሕዝብን ገንዘብ ማባከን ነውና ማንም ኃላፊ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ስሕተቱ የሚጀምረው ውሉ ያለቀበት ቀን የሰዎች ፍላጎት ያለቀበት ቀን ተደርጎ ሲወሰድ ነው። የኪራይ ውል በየሃያ ዓመቱ ያልቃል፤ የአንድ ሰፈር ችግር ግን ቀን ቆርጦ አያልቅም።

በግላስጎው ከነበሩት 16 ጆብ ሴንተሮች ስምንቱ፣ ማለትም ግማሾቹ፣ እንዲዘጉ ታቀደ። በመላ አገሪቱ ሲታይ የሚዘጉት ከአሥሩ አንዱ ገደማ ስለነበሩ ለግላስጎው የተመደበው ድርሻ በጣም የከበደ ነበር፤ ለዚያውም ከተማዋ በብሪታንያ ድህነትና የጤና ችግር እጅግ ከበረታባቸው ሰፈሮች መካከል ብዙዎቹ የሚገኙባት ናት። የሕዝብ ተወካዮች በፓርላማ ተከራከሩ፣ የከተማው ምክር ቤትና የስኮትላንድ መንግሥት ተቃወሙ፣ የሠራተኛ ማኅበራት ሰልፍ ወጡ፤ በመጨረሻም በጁላይ 2017 በተሰጠው ውሳኔ ከስምንቱ ሁለቱ ሲተርፉ የቀሩት ስድስት እንዲዘጉ ተወሰነ።

ውሳኔው የተመሠረተበት መለኪያ ሊመረመር ይገባዋል። ሚኒስቴሩ አዲሱ ቢሮ ከተዘጋው ቢሮ በ3 ማይል፣ ማለትም 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከሆነ፣ ወይም በሕዝብ ትራንስፖርት በ20 ደቂቃ የሚደረስ ከሆነ ለውጡ ለተገልጋዩ ተገቢ ነው ብሎ አሰበ፤ የጉዞውንም ርዝመት ለመገመት በማንኛውም ስልክ ላይ የሚገኘውን የጉግል ካርታ ተጠቀመ። መለኪያው የሚለካው ከቢሮ እስከ ቢሮ ያለውን ርቀት ነው እንጂ ከሰው ደጃፍ እስከ ቢሮ ያለውን አይደለም። ከአሮጌው ቢሮ በስተ ማዶ 2 ማይል ርቆ የሚኖር ሰው፣ አዲሱ ቢሮ በተቃራኒው አቅጣጫ 3 ማይል ቢርቅ መንገዱ 5 ማይል ይሆንበታል፤ በሰነዱ ላይ ግን ከመለኪያው አልወጣም።

የግላስጎው አቀማመጥ ይህን ጉድለት ያባብሰዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማው በመሐል የነበሩትን የተጨናነቁና የወላለቁ ቤቶች እያፈረሰ ነዋሪዎቻቸውን ወደ ዳር ባሠራቸው ትልልቅ ሰፈሮች አሰፈረ፤ በምሥራቅ ኢስተርሃውስ፣ በደቡብ ካስልሚልክ፣ በምዕራብ ድራምቻፕልና ፖሎክ የዚህ ፍሬዎች ናቸው። ሰዎቹ ውስጡ ውሃና መታጠቢያ ያለው ቤት አገኙ፤ ሱቅ፣ ሥራና መገናኛ ግን ዘግይቶ ወይም ጨርሶ ሳይመጣ ቀረ። የከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር 15 ጣቢያዎች ያሉት አንድ ክብ መስመር ብቻ በመሆኑ ወደ እነዚህ ዳር ሰፈሮች አይደርስም፤ አውቶቡሶቹ ደግሞ ከ1986 ወዲህ ከመንግሥት ቁጥጥር ወጥተው በገበያ ስለሚመሩ መስመሩንም ዋጋውንም የሚወስነው አዋጭነት ነው። መስመሮቹም እንደ ጃንጥላ ዘንግ ከመሐል ወደ ዳር የተዘረጉ ናቸው፤ ከዳር ወደ ዳር መሄድ የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ መሐል ከተማ ገብቶ ሌላ አውቶቡስ መያዝ ይኖርበታል፣ ሁለቱ አውቶቡሶች የሁለት ኩባንያዎች ከሆኑም ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል። ካርታው ላይ የአጭር ጊዜ ጉዞ የሆነው ነገር፣ ሕፃን በጋሪ ለምትገፋ እናት ወይም በትንፋሽ ማጠር ለሚሰቃይ የቀድሞ ፋብሪካ ሠራተኛ ግማሽ ቀን ይሆናል። ተቃዋሚዎቹ ሌላም ነገር አንሥተዋል፤ በአንዳንድ ሰፈሮች መካከል በወጣት ቡድኖች ጠብ ምክንያት የማይታይ ድንበር አለ፣ አንድ ወጣት ያን ድንበር ተሻግሮ እንዲሄድ ማስገደድ ማለት ምን እንደሆነ ማይል ቆጣሪው አያውቅም።

እዚህ ላይ ነው የመቅረብ ግዴታው ክብደት የሚታየው። ድጎማ ተቀባዩ ከሥራ አማካሪው ጋር ቀጠሮ ይይዛል፤ አማካሪው በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየሳምንቱ ሥራ ለመፈለግ ያደረገውን ጥረት የሚጠይቀው የቢሮው ሠራተኛ ነው። ቀጠሮው ካለፈና በቂ ምክንያት ካልተገኘለት «ሳንክሽን» የሚባለው ቅጣት ይከተላል፤ ትርጉሙም ድጎማው ለተወሰኑ ሳምንታት መቆረጡ ነው። በ2012 መጨረሻ በተጠናከረው ደንብ መሠረት የሥራ ፈላጊ ድጎማ የሚቀበል ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠሮ ሲያልፈው 4 ሳምንት፣ በዓመት ውስጥ ደግሞ ሲያልፈው 13 ሳምንት ይቀጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመጣው ሥርዓትም አብዛኞቹ ቅጣቶች የሚጣሉት ሥራ አልቀበልም ባሉ ሰዎች ላይ ሳይሆን ቀጠሮ ባመለጣቸው ሰዎች ላይ ነው። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በ2016 ባወጣው ሪፖርት ቅጣቱ ከቢሮ ቢሮ በጣም እንደሚለያይ፣ ሚኒስቴሩም የቅጣቱን ጥቅምና ጉዳት በበቂ እንደማያውቅ ገልጿል። ስለዚህ የአውቶቡሱ መዘግየት ለሌላ ሰው ብስጭት ሲሆን ለድጎማ ተቀባዩ የወር ምግብ ነው። መንግሥት ቢሮውን ዘግቶ ገንዘብ ሲቆጥብ፣ የቆጠበው ገንዘብ ከፊሉ በአውቶቡስ ትኬትና በቅጣት ፍርሃት መልክ ከድሃው ኪስ የወጣ ነው ማለት ይቻላል፤ በሚኒስቴሩ መዝገብ ላይ ግን የሚታየው ቁጠባው ብቻ ነው።

ለዚህ ክስ በተለምዶ የሚሰጠው መልስ ሥራ የሌለው ሰው ቢያንስ ጊዜ አለው የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን ከዘጠና ዓመት በፊት ያሳየ ጥናት አለ። ከቪየና አቅራቢያ የምትገኘው ማሪንታል የተባለችው የኦስትሪያ መንደር የምትተዳደርበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲዘጋ መንደርተኛው በሞላ ጎደል ሥራ ፈት ሆነ፤ ማሪ ያሆዳ፣ ፓውል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ ወጣት ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በዚያ ተቀምጠው የሰዎቹን ኑሮ በዝርዝር መዘገቡ፣ ውጤቱንም በ1933 አሳተሙ። የሚያነብ ሰው ጊዜ ስላገኘ ብዙ መጽሐፍ ይዋሳል ተብሎ ሊጠበቅ ይችላል፤ ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የሚወጡት መጻሕፍት ብዛት ግን በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ተመራማሪዎቹ በመስኮት ሆነው መንገደኛውን ሲቆጥሩ ወንዶቹ በዝግታ እንደሚራመዱና በየመንገዱ እንደሚቆሙ፣ ብዙዎቹም የእጅ ሰዓት መያዝ እንደተዉ አዩ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለግላስጎው ጉዳይ በቀጥታ የሚያገለግል ነው፤ ሥራ ያጣ ሰው የሚተርፈው ባዶ ሰዓት እንጂ ሊያዝበት የሚችል ጊዜ አይደለም፣ ቀኑን የሚያስርለት ምሰሶ ሲወድቅ አንድ ቀጠሮ መጠበቅ እንኳ ትልቅ ጉልበት ይጠይቃል። በሰፈር ያለው ቢሮ፣ ጥብቅም ቢሆን፣ ከቀሩት ጥቂት ምሰሶዎች አንዱ ነበር፤ የሚያውቅ ፊት፣ የሚታወቅ መንገድ፣ ሲወጡም ጎረቤት የሚገናኙበት በር ነበር።

ሁለተኛው የተለመደ መልስ ኢንተርኔት ነው። ከ2013 ጀምሮ ስድስት ዓይነት ድጎማዎችን በአንድ ወርሃዊ ክፍያ የጠቀለለው «ዩኒቨርሳል ክሬዲት» የተባለው ሥርዓት ከመነሻው በኮምፒዩተር እንዲመራ የተቀረጸ ነው፤ ማመልከቻው በድረ ገጽ ይሞላል፣ ከአማካሪው ጋር የሚደረገው መልእክት ልውውጥም ጆርናል በሚባል የኢንተርኔት መዝገብ ይከናወናል፣ የመጀመሪያው ክፍያ እስኪደርስም አምስት ሳምንት ያህል ይጠበቃል። የተባበሩት መንግሥታት የድህነት ጉዳይ ልዩ ራፖርተር የነበሩት ፊሊፕ ኦልስተን በ2018 መጨረሻ ብሪታንያን ጎብኝተው ሲያበቁ፣ ይህ ኮምፒዩተርን ያስቀደመ አሠራር መሣሪያውም ዕውቀቱም የሌላቸውን ሰዎች ከመብታቸው ያርቃል ብለው ነቅፈዋል። ኮምፒዩተር ለሚችል ሰው መንገድ እንደሚያሳጥር አይካድም። ነገር ግን ቅጹን መሙላት ያልቻለ ሰው ለእርዳታ የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ ጆብ ሴንተሩ፣ ካልሆነም ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በእነዚያው ዓመታት ደግሞ የአካባቢ ምክር ቤቶች በጀት በመቀነሱ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ተዘግተዋል ወይም የሥራ ሰዓታቸውን አሳጥረዋል።

ቢሮዎቹ በተዘጉ በሁለት ዓመት ገደማ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። በማርች 2020 የዩኒቨርሳል ክሬዲት ተቀባዮች ወደ 3 ሚሊዮን ይጠጉ የነበረ ሲሆን በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ቁጥሩ ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ መንግሥት የሥራ አማካሪዎቹን ቁጥር ከ13,500 ወደ 27,000 ለማሳደግ ወሰነ፣ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስላልነበረውም በየከተማው ጊዜያዊ ጆብ ሴንተሮችን መከራየት ጀመረ። ወረርሽኙን በ2017 ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር፤ የሥራ ገበያ ግን በየጊዜው እንደሚወድቅ የታወቀ ነው፣ ቤቨሪጅም ከመቶ ዓመት በፊት የጻፈው ይህንኑ ነው። የሥራ አጦች ቁጥር ዝቅ ባለበት ዓመት የቢሮን ብዛት መወሰን በበጋ የደረቀ ወንዝ አይቶ የድልድይን ርዝመት እንደ መወሰን ይቆጠራል።

ይህ ጉዳይ አማርኛ ተናጋሪዎችን በቀጥታ የሚነካበት በርም አለ። በብሪታንያ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ጉዳዩ እስኪታይ የሚኖረው ከአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በሚሰጠው መጠለያና ጥቂት ገንዘብ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሥራ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። ግላስጎው ከ1999ኙ የስደትና የጥገኝነት ሕግ በኋላ ጥገኝነት ጠያቂዎች በብዛት ከሚመደቡባቸው ከተሞች አንዷ ሆናለች። መኖሪያ ፈቃዱ የመጣለት ቀን ትልቅ የደስታ ቀን ነው፤ ሆኖም ለረጅም ዘመን በጸናው ደንብ መሠረት ከዚያ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ የነበረበትን ቤት ለቅቆ፣ የባንክ ሒሳብ ከፍቶ፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲት አመልክቶ፣ ቤትና ሥራ መፈለግ ነበረበት። የመጀመሪያው ክፍያ በአምስት ሳምንት የሚመጣ ከሆነና ድጋፉ በአራት ሳምንት የሚቆም ከሆነ፣ ሒሳቡ ብቻውን አንድ የረሃብ ሳምንት እንደሚተርፍ ያሳያል። እንዲህ ያለ ሰው ቋንቋውን ገና ያልቻለ፣ የከተማውን አውቶቡስ ያልለመደ፣ በስልክ የሚመጣው መልእክት የሚያስፈራው ነው፤ ለእርሱ በእግር የሚደረስ ቢሮና አስተርጓሚ የሚጠራለት ሠራተኛ ማግኘት ቅንጦት አይደለም።

ስለ ቅርበት የሚናገር የዓለም ሕግ እንዳለ ብዙ ሰው አያውቅም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1948 ያወጣው፣ የሥራና ሠራተኛ ማገናኘት አገልግሎትን የሚመለከተው ቁጥር 88 ስምምነት አባል አገሮች ያለ ክፍያ የሚሰጥ የሕዝብ አገልግሎት እንዲኖራቸው ይጠይቃል፤ በሦስተኛው አንቀጹም አገልግሎቱ እያንዳንዱን የአገሪቱን ክፍል ለማዳረስ በቂ ቁጥር ያላቸው፣ ለአሠሪውም ለሠራተኛውም በሚመች ቦታ የተተከሉ ቢሮዎች ሊኖሩት እንደሚገባ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በ1963 ያጸደቀች አገር ናት። በኢትዮጵያ ለሥራ አጥ በየወሩ የሚከፈል የመድን ድጎማ ስለሌለ የግላስጎው ክርክር እንዳለ አይገለበጥም፤ የቅርበቱ ጥያቄ ግን ይገለበጣል። ነፃው የመንግሥት አገልግሎት ሩቅ በሆነበት ወይም በማይታወቅበት ቦታ ሥራ ፈላጊው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ደላላ ጋ ይሄዳል። ደላላው በሰፈሩ አለ፣ ቋንቋውን ያውቃል፣ ቅጽ አያስሞላም፤ ክፍያውን ግን ከመጀመሪያው ደመወዝ ላይ ይቆርጣል፣ ወደ ዓረብ አገር በሕገ ወጥ መንገድ በሚላኩ ወጣቶች ላይ የደረሰው መከራም ከየት እንደሚጀምር የታወቀ ነው። የአንድ ወረዳ የሥራ ስምሪት ክፍል ከሰፈር ሲርቅ ክፍተቱን የሚሞላው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ማየት ይቻላል።

«በሚመች ቦታ» የሚለው የስምምነቱ ቃል ግን ለማን እንደሚመች የሚያውቀው ማን ነው የሚል ጥያቄ ያስከትላል፤ በግላስጎው ይህ ጥያቄ የተመለሰበት መንገድ በዝርዝር ሊታወቅ ይገባዋል። ሚኒስቴሩ መደበኛ የሕዝብ ምክክር የከፈተው ከመለኪያው ውጪ በወጡት ቢሮዎች ላይ ብቻ ነበር፤ እነርሱም በብሪጅተን፣ በካስልሚልክና በሜሪሂል የነበሩት ሦስቱ ናቸው። በእነዚህ ሰፈሮች ያሉ ሰዎች በየትኛው አውቶቡስ እንደሚሄዱ፣ ምን ያህል እንደሚከፍሉ፣ ልጆቻቸውን ማን ዘንድ እንደሚተዉ ጽፈው እንዲያስረዱ ዕድል አገኙ። የቀሩት አምስት ቢሮዎች በካርታው ሒሳብ በ3 ማይል ወይም በ20 ደቂቃ ውስጥ ስለወደቁ ምክክር አልተከፈተባቸውም፤ በኢስተርሃውስ በነበረው ቢሮ በየሁለት ሳምንቱ ይፈርም የነበረ ሰው ስለ አዲሱ መንገዱ በሚኒስቴሩ በኩል የጠየቀው አልነበረም።